በሩን የምትከፍተው ልጅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ይቀረጽ የነበረ አንድ የቤተሰብ ሲትኮም (በየክፍሉ የሚቀርብ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ) ላይ ከጸሐፊዎቹ አንዷ ነበርኩ። የሥራውን ስም አልጠራም። የብዙ ሰው ላብ ያለበት ነገር ነውና በእኔ አንደበት ብቻ እንዲተረክ አልፈልግም። ሥራው ካለቀ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አባወራው ነው። ተዋናዩ ዝነኛ ነው፤ ንግግሮቹም በየታክሲው ተደግመዋል። እኔ ግን ያንን ጊዜ ሳስብ ቀድማ የምትመጣብኝ የቤት ሠራተኛዋ ናት።

ሲትኮም መጻፍ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚገባው ነገር በር እንደሚያስፈልገው ነው። ታሪኩ ተጀምሮ የሚያልቀው አንድ ቤት ውስጥ ነው። ችግሩ ግን ከውጭ ይመጣል። ጎረቤት የዕቁብ ብር ሊጠይቅ ይመጣል። የባል ዘመድ ሻንጣውን ይዞ ከገጠር ይመጣል። እናትየው እንዳታየው የተባለው ልጅ ሰዓት ተሳስቶ ይመጣል። ደወሉ ይጮኻል። ታዲያ እንደዚህ ባለ ቤት ተነስቶ በር የሚከፍተው ማነው? አባወራው ከሶፋው አይነሳም። እማወራዋም ቀና ብላ ትጣራለች እንጂ አትነሳም። በሩን የምትከፍተው ሠራተኛዋ ናት።

በዚህ ምክንያት የኛ ሠራተኛ የሌለችበት ትዕይንት ማግኘት ከባድ ነበር። በር ትከፍታለች፤ ቡና ታቀርባለች፤ ሱቅ ተልካ መመለስ በሌለባት ሰዓት ትመለሳለች። ባልና ሚስት ሲጣሉ ከወጥ ቤት ትሰማለች። የልጆቹን ምስጢር ሁሉ ታውቃለች። ታሪኩን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የምታሻግረው እሷ ነበረች። ወረቀቱ ላይ ያላት ንግግር ግን «አቤት»፣ «መጣሁ»፣ «እሺ እትዬ» ነው። ከዚህ የተረፈው ድርሻዋ ማሳቅ ነበር። የማሳቂያውም ዓይነት አንድ ነው፤ ቃል ታበላሻለች፣ ማይክሮዌቩን ትፈራለች፣ በስልክ የተነገራትን መልእክት ገልብጣ ታደርሳለች።

ይህን እኛ አልፈጠርነውም። ከገጠር መጥታ ከተማው የሚምታታባት ሠራተኛ በመድረክም በሬዲዮም ስታስቀን የኖረች ናት። የተዘጋጀ ሳቅ ናት። ዳይሬክተሩም እኛም የወሰድናት እንደዚያው ነው።

ስለ ቤቱ ትንሽ ልበል፤ ለነገሩ አስፈላጊ ነው።

እንደ አሜሪካኖቹ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ሳሎን አልነበረንም። የምንቀርጸው ተከራይተነው በነበረ ቪላ ቤት ውስጥ ነው። የስቱዲዮ ሳሎን ሦስት ግድግዳ ነው ያለው፤ በአራተኛው በኩል ካሜራውና ተመልካቹ ይቆማሉ። እውነተኛ ቤት አራቱም ግድግዳ አለው። የኛ ሳሎን ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ሶፋው ግድግዳውን ተጠግቶ ዙሪያውን ይደረደራል፤ መሀል ጠረጴዛ፤ ፊት ለፊት ቡፌና ቴሌቪዥን። በዚህ አቀማመጥ ካሜራ የትም ቢቆም የሆነ ሰው ጀርባ ነው የሚያየው። ስንሞክር ስንሞክር ካሜራማኑ መፍትሔ አመጣ። ቴሌቪዥኑን አነሳና ዋናውን ካሜራ በቦታው ተከለ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ ማታ ማታ ፊቱን አዙሮ የሚቀመጠው ወደ ቴሌቪዥኑ ነዋ! ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ቴሌቪዥን ሲያይ እኛን ያያል፤ እኛም እነሱን። በጣም ነበር የወደድኩት።

ከዚያ ቦታ ሳሎኑን ስታዩት ግን ከጥጉ የወጥ ቤቱ በር ይታያል። ሠራተኛዋ ሁልጊዜ እዚያ በር ላይ ናት። በብዙ ቤት ሠራተኛ ቴሌቪዥን የምታየው እንደዚያ ነው። አትቀመጥም። ፎጣ ወይም ሰሃን እንደያዘች በሩን ተደግፋ ታያለች፤ ስትጠራ ትሄዳለች። ካሜራችን ያለ ማንም ትእዛዝ ይህንን ይቀርጽ ነበር።

ስለ ሲትኮም ማንበብ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። በብዛት ያነበብኩት ስለ አሜሪካኖቹ ሲትኮም ስለ «አይ ላቭ ሉሲ» ነው። ሉሲል ቦልና ባለቤቷ ዴዚ አርናዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲጀምሩት ብዙ ፕሮግራም ከኒው ዮርክ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። እነሱ ከሆሊውድ መውጣት አልፈለጉም። ስለዚህ በሦስት ካሜራ፣ በ35 ሚሊሜትር ፊልም፣ ተመልካች ፊት ለመቅረጽ ወሰኑ። ሦስቱም ካሜራ እኩል እንዲያይ ብርሃኑን ከላይ ያዘጋጀላቸው ካርል ፍሮይንድ የተባለው ስመ ጥር የፊልም ባለሙያ ነው። ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ተደርድሮ ይቀመጥና ይስቃል። ሳቁ የእውነት ሰው ሳቅ ነው። እስከ 1957 ድረስ 180 ክፍል ሠርተዋል።

ከዚህ ሁሉ ያስቆመኝ የዴዚ አርናዝ ነገር ነው። ኩባዊ ነው፤ እንግሊዝኛው ከነቃናው ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ሲቢኤስ መጀመሪያ ላይ አሜሪካዊ ተመልካች እንዲህ ያለ ባል ይቀበላል ብሎ አላመነም ነበር። ጸሐፊዎቹ በኋላ እንደተናገሩት፣ በአነጋገሩ ሉሲ ስትቀልድ ሰው ይስቃል፤ ሌላ ገጸ ባሕርይ ከቀለደበት ግን ሳቁ አይመጣም። ተመልካቹ ሚስቱ እንደምትወደው ያውቃል። ከእሷ ሲመጣ ቀልድ ነው፤ ከሌላ ሲመጣ ስድብ ይሆናል።

ይህን አንብቤ ወደ ስክሪፕታችን ስመለስ በሠራተኛችን አነጋገር የማይቀልድ ሰው አልነበረም። እንግዳው፣ ጎረቤቱ፣ ልጁ፣ ሁሉም። የሚወዳት ሰው ግን ገና አልተጻፈም።

እኛ ተመልካች ፊት አንቀርጽም። ቤቱ አይችልም፤ ገንዘቡም የለም። ሳቁን የሚጨምረው ኤዲተሩ ነበር። ይህ የተቀዳ ሳቅ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ዳግላስ የሚባል የሲቢኤስ የድምፅ መሐንዲስ የተለያየ ሳቅ የቀዳበት ማሽን ሠራ። ቁልፍ ሲነካ አንዱ ሰው ይስቃል፤ ሌላ ሲነካ አዳራሹ በሙሉ። የኛ ኤዲተር ያንኑ በኮምፒውተር ያደርገዋል። ከጎኑ ተቀምጬ ስመለከት ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የሳቅ ድምፅ ቀልድ መኖሩን ብቻ አይናገርም። በማን ላይ እንደሚሳቅ ያመለክታል። ሠራተኛዋ ቃል ስታበላሽ ሳቁ ወዲያው ከገባ የተሳቀው በእሷ ነው። ሁለት ሰከንድ ጠብቆ እማወራዋ ላርማት ብላ ራሷ ስታበላሸው ቢገባ ደግሞ የተሳቀው በእማወራዋ ነው። የተቀረጸው ያው ነው፤ ተዋናዮቹም ያው ናቸው። ቤቱ ግን ሌላ ቤት ይሆናል።

እኔና ኤዲተሩ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል። ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ነው። ቀስ በቀስ ሳቁን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

ነገሩን ከሥሩ የለወጠችው ግን ተዋናይቷ ናት። ወጣት ናት፤ ትያትር ተምራለች፤ ዝምተኛ ናት። አንድ ቀን ስክሪፕት እያነበብን ሳለ ቀና ብላ «ይህች ልጅ ማታ የት ነው የምትተኛው?» አለች።

መልስ የሰጠ አልነበረም። ቪላው እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ቪላ ከጓሮ በኩል ሰርቪስ ቤት አለው። ሠራተኛ የሚያድረው እዚያ ነው። በኛ ቀረጻ ግን አንደኛው ክፍል ልብስና ሜካፕ ነበር፤ ሌላኛው የጀነሬተር ነዳጅ። የአባወራውን መኝታ ቤት ጽፈናል። የልጆቹን ጽፈናል። እንግዳ የሚያድርበትን እንኳ ጽፈናል። እሷ ከሳሎን ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ በአንድም ገጽ ላይ የለም።

ዳይሬክተሩ በዚያው ሳምንት ነዳጁን አስወጣ። ጠባብ ክፍል ናት። አልጋ፣ በገመድ ላይ የተሰቀለ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ የቅድስት ማርያም ሥዕል፣ አንድ የተቆለፈ ሻንጣ። ሻንጣውን የጠየቀችው ተዋናይቷ ናት። ቁልፉን በአንገቷ አሰረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኛዋ የራሷ ነገር ያላት ሰው ሆነች። ስንጽፍም በሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ እናስብ ጀመር። የታናሽ እህቷ ፎቶ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ ያልተለበሰ ቀሚስ። ተመልካች ይህን ሁሉ አላየም። ንግግሯ ግን ተለወጠ፤ የምትመለስበት ክፍል ያለው ሰው «እሺ እትዬ»ን እንኳ በሌላ ድምፅ ነው የሚለው።

ቀጥሎ ያገዘን ሳናስበው ገንዘብ ነው። የቴሌቪዥን ሥራ የሚቆመው በስፖንሰር ነው። አንዱ ስፖንሰራችን ዘይት ያቀርብ ነበር። ዘይቱ በሠራተኛዋ እጅ እንዳይታይ፣ በእማወራዋ እጅ እንዲታይ ጠየቀ። የተሰጠን ምክንያት ዕቃው «ክብር እንዲኖረው» የሚል ነው። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል። ነገር ግን ዘይት የሚፈሰው ወጥ ቤት ነው። እማወራዋን ወጥ ቤት ማስገባት ግድ ሆነ። ገብታ ደግሞ ዘይት አፍስሳ ልትወጣ አትችልም፤ ማውራት አለባት። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ምድጃ ፊት የቆሙበት ትዕይንት የተወለደው እንዲህ ነው።

በዚያ ላይ በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተከለከለ። ለሕዝብ ጤና ሲባል የወጣ ሕግ ነው፤ ዓላማውን አልቃወምም። ቢራ ግን የብዙ መዝናኛ ፕሮግራም ትልቁ ስፖንሰር ነበር፤ የገንዘቡ መቅረት እኛም ጋ ደረሰ። ውጭ የሚቀረጸው ቀነሰ። ካፌው ቀረ፤ የአባወራው መሥሪያ ቤት ቀረ። ታሪኩ ወደ ቤት ገባ። ቤት ሲገባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወጥ ቤት ነው የሚያርፈው፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ከጎረቤት ጀነሬተርም ራቅ ይላል። ስፖንሰር ሲጠፋ ሠራተኛዋ ሰፋች ማለት እችላለሁ።

ወጥ ቤት የተጻፉት ትዕይንቶች ከሳሎኑ ይልቅ ያስቁ ነበር። እማወራዋ ሳሎን ውስጥ ለባሏም ለልጆቿም የማትናገረውን ሽንኩርት እየተላጠ ትናገራለች። ሠራተኛዋ ትመክራታለች። ምክሩ ትክክል ነው፤ እማወራዋ ግን በሠራተኛ ተመከርኩ ማለት አትችልም፤ ሳሎን ገብታ የራሷ አድርጋ ታወራዋለች። እዚያ ላይ ሳቅ መጨመር አላስፈለገም። የድምፅ መቅጃውን ቡም የያዘው ልጅ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ስንት ጊዜ ቀረጻ አቁመናል።

የደመወዙ ክፍልም የመጣው ከወጥ ቤት ነው። ሠራተኛዋ ጭማሪ ልትጠይቅ ፈልጋ ቀን ሙሉ ቃል ስትመርጥ የሚያሳይ ነው። ደላላው ይገባበታል፤ ተያዥ የሆኑት ሴትዮም ይመጣሉ። ሕጉ ምን ይላል ብለን ስናነብ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለግል አገልግሎት የሚቀጠር ሰውን እንደማይሸፍን አየን። ፈቃድ፣ የሥራ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት፣ ለፋብሪካና ለቢሮ ሠራተኛ የተቆጠረው ሁሉ ለእሷ አይቆጠርም። ይህንን በቀልድ መልክ ለአባወራው ሰጠነው። አዋጁን አንብቦ ደስ ብሎት ለሚስቱ ይነግራታል። ሚስቱ ትንሽ ዝም ትልና «ታዲያ አንተን የሚሸፍንህ የትኛው ነው?» ትለዋለች። ሦስቱም ጸሐፊዎች እኔ ነኝ የጻፍኩት ይላሉ። የጻፈችው ራሷ እማወራዋን የተጫወተችው ተዋናይት ናት፤ ካሜራ ፊት ነው የወጣላት።

የፋሲካውን ክፍል ግን ማለፍ አልችልም። የበዓል ልዩ ዝግጅት ከበዓሉ ቀደም ብሎ ነው የሚቀረጸው። ስለዚህ የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው በሁዳዴ መሀል ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው። የቀረጻ ሠራተኛው አብዛኛው ይጾማል። ዶሮው ግን የእውነት መሆን አለበት፤ የአበሻ ተመልካች በ12 ብልት ያልወጣ ዶሮ ካየ አይምርም። ከማለዳ ጀምሮ ቁሌቱ ቤቱን ይሞላዋል። ማንም አይነካውም። ሲጎርሱ ለሚታይበት ቀረጻ ምስር ወጥ በበርበሬ አቅልተን አስጠጋን፤ እንቁላሉ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ለዓይን ተቀመጠ። ተዋናዮቹ ጎርሰው «እሰይ፣ ጾመ ልጓም ተፈታ» ሲሉ ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ ትወና አይመስልም ነበር።

እንደ ስክሪፕቱ ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል። ሠራተኛዋ ሌሊቱን ሠርታ ጠብቃለች፤ ታቀርባለች፤ ይበላሉ፤ ይስቃሉ። ተዋናይቷ ወረቀቱን አገላብጣ «እኔስ ስንት ሰዓት ነው የምፈስከው?» አለች። እሷም ጿሚ ናት እኮ፤ 55ቱንም ቀን። ክፍሉን በዚያው ጠዋት፣ መብራት እየተተከለ፣ እንደገና ጻፍነው። እማወራዋ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ ለባሏ ልትሰጥ ስትል እጇን ታቆምና ወደ ወጥ ቤቱ በር ትጣራለች። ሠራተኛዋ «አቤት እትዬ» እያለች፣ ምን ጎደለ ብላ እየተጨነቀች ትመጣለች። ጉርሻው የሷ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን አባወራው ራሱ ይጠቀልላል፤ ያን የሚያህል ግን አፏ አይችልም። ሳቁ እዚያ ላይ ነው። ከሠራናቸው ሁሉ አንዱን ምረጪ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ቀረጻ ቆመ። ስንመለስ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የተፈቀደልን፤ እንግዳ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ወጡ። ደወል የማይደውልበት ሲትኮም ጻፍን። በከተማው ብዙ ተመላላሽ ሠራተኛ «ለጊዜው አትምጪ» እየተባለ እንጀራዋን ያጣችበት ጊዜ ነበር። አዳሪዎቹ ደግሞ ከግቢ እንዳይወጡ ተከለከሉ። የኛዋ አዳሪ ናት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ የማታ ትምህርቷ፣ ሁሉም ቀረባት። ጥቂት ክፍሎችን በዚህ ላይ ሠራን። ብዙ አላሳቁም፤ ግን አልተውናቸውም።

ከቤይሩት መልእክት መምጣት የጀመረው ያኔ ነው። ክፍሎቹ ዩቲዩብ ላይ ይጫኑ ስለነበር ከሪያድም፣ ከዱባይም፣ ከኩዌትም ያዩ ነበር። የሊባኖሱ ግን የተለየ ነበር። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው እያመጡ ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ብዙዎቹ ደመወዛቸው አልተከፈለም፤ ፓስፖርታቸውም በእጃቸው አልነበረም። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ አሠሪው ሲጥላት ሕጋዊነቷም አብሮ ይወድቃል። ከዚያ ሁሉ መሀል የሚጽፉልን ሴቶች ስለ አባወራው ቀልድ አልጠየቁም። «ደመወዟን ጨመሩላት?» «ትምህርቷን መልሳ ጀመረች?» «ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?» ነበር የሚሉት። አንዷ «እኔም ቁልፌን አንገቴ ላይ ነው የማስረው» ብላ ጽፋለች።

እነዚህን መልእክቶች አትመን ስክሪፕት የምናነብበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናቸው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ስንጽፍ ክርክሩ ከባድ ነበር። ጣቢያው እንድትዳር ፈለገ፤ ሰርግ ተመልካች ያመጣል። ከመካከላችን አንዱ ዓረብ አገር ትሂድ አለ፤ እውነቱ ያ ነው ብሎ። ተዋናይቷ ሁለቱንም አልወደደችም። እኔም ከእሷ ጋር ቆምኩ። የማታ ትምህርቷን አጠናቃ፣ ቤቱን ትታ፣ የራሷን የምግብ ሥራ እንድትጀምር አደረግን። እማወራዋ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ናት፤ ዋጋ ትከራከራለች፤ አልቀነሰችላትም። ጣቢያው ሰርጉ በመቅረቱ እስከ መጨረሻው ቅር አለው።

አሁን ሌላ የቤተሰብ ኮሜዲ እየጻፍኩ ነው። ገና ስፖንሰር የለውም፤ ጣቢያም አልወሰነም። ያቺው ተዋናይት አለችበት፤ በዚህኛው የቤቱ እናት ናት። ዳይሬክተሩ ለቀረጻ የሚሆን ቪላ ሲፈልግ አብሬው እዞራለሁ። እሱ ሳሎኑን ሲለካ እኔ በጓሮ በኩል ገብቼ ሰርቪስ ቤቱን አያለሁ። መስኮት የሌለው ከሆነ ሌላ እንፈልግ እለዋለሁ። እስካሁን ሦስቱን ትተናል።